የላፓሮስኮፒ ሞኒተራችንን በተገቢው ቦታ ላቆሙልን የባዮሜዲካል ባለሙያ የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የምሠራ ቀዶ ሐኪም ነኝ። በቀዶ ሕክምና ክፍላችን ከፍተኛ ለውጥ ያመጡልንን አንድ የባዮሜዲካል ባለሙያ በአደባባይ ማመስገን፣ ላፓሮስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምና) ለሚሠሩ ሌሎች ሆስፒታሎችም መጠቆም እፈልጋለሁ። ስማቸው እዚህ እንዲነሣ ስላልፈለጉ ሥራቸውን ብቻ እገልጻለሁ።

የሠሩት ሥራ ሲነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ሞኒተሩን ከነበረበት አውርደው ሌላ ቦታ አቆሙልን። ሆድ ተከፍቶ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና የሐኪሙ ዓይንና እጅ አንድ ቦታ ላይ ናቸው። በላፓሮስኮፒ ግን እጁ በሽተኛው ላይ ሆኖ ዓይኑ ሞኒተሩ ላይ ነው። መሣሪያዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላቸው ትሮካሮች (በሆድ ግድግዳ በኩል በሚገቡ ቱቦዎች) በኩል ስለሚገቡና የሆዱን ግድግዳ ተደግፈው ስለሚንቀሳቀሱ፣ እጀታው ወደ ቀኝ ሲገፋ ጫፉ ወደ ግራ ይሄዳል። በተለመደው ካሜራ ደግሞ የነገሮች ጥልቀት እንደ ዓይን እይታ አይለይም። ሐኪም ይህን ሁሉ በልምምድ ይለምደዋል፤ ሞኒተሩ በጎን ወይም ከራስ በላይ ሲሆን ግን ሰውነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ አንገቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚዞር፣ በምስሉ ላይ ወደ ፊት የሚታየው እንቅስቃሴ ለእጁ ወደ ጎን ይሆንበታል። የሐሞት ከረጢት ሲወጣ ቱቦውና የደም ሥሩ በሚለዩበት ሰዓት፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብዙ ትርጉም ባለው ቦታ፣ ይህ ተጨማሪ ድካም ፈጽሞ የማይፈለግ ነው።

የእኛ ሞኒተር ከብርሃን ምንጩና ሆድን በጋዝ ከሚነፋው መሣሪያ ጋር በአንድ ከፍ ያለ ጋሪ አናት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጋሪው በሰመመን ማሽኑ ምክንያት ወደሚፈለገው ቦታ ስለማይጠጋ ሁላችንም አገጫችንን አንሥተንና አንገታችንን አዙረን እንሠራ ነበር። ባለሙያው ሲመጡ መሣሪያ ከመፍታታቸው በፊት ቀዶ ሕክምናውን ለማየት ፈቃድ ጠየቁና ጥግ ይዘው እስከ መጨረሻው ተከታተሉ። ክፍሉ ነጻ ከሆነ በኋላ በአልጋው ግራ በኩል በተለመደው ቦታዬ አቆሙኝ። አንድ ክር ከእጄ ጀምረው የሐሞት ከረጢቱ በሚገኝበት ቦታ ላይ አሳልፈው ቀጥ አድርገው ሲወጥሩት፣ ክሩ ከበሽተኛው ቀኝ ትከሻ ባሻገር ባዶ ግድግዳ ላይ ደረሰ። «ዶክተር፣ ሞኒተሩ መቆም ያለበት በዚህ መስመር ላይ ነው» አሉኝ። ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተመሳሳዩን ሲያደርጉ ክሩ ወደ ቀኝ ዳሌው በኩል ወረደ፤ ስለዚህ ሞኒተሩን አንድ ቦታ ላይ በግድግዳ መስቀል እንደማያዋጣ ወዲያው ተረዱ።

ከዚያም ከብረታ ብረት ሠራተኛ ጋር ሆነው፣ እግሩ ሰፊ፣ ጎማው ፍሬን ያለውና ከፍታው የሚስተካከል ማቆሚያ አሠሩ። አጭሩም ረጅሙም ሐኪም ዓይኑን ወደ 15 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎ እንዲያይ ከፍታውን ለእያንዳንዳችን ለኩ። የምስሉን ገመድ ምስሉ ሳይደበዝዝ አስረዘሙት፤ ሰው እንዳያደናቅፍም በማቆሚያው እግር በኩል አሰሩት፤ የኤሌክትሪክ መሬት መስመሩንም ፈተሹ። ለሐሞት ከረጢትና ለትርፍ አንጀት የሚሆኑትን ቦታዎች ወለሉ ላይ በተለያየ ቀለም ፕላስተር ምልክት አድርገው፣ ከንጹሕ ጨርቁ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት ከነርሶቹ ጋር ተስማሙ።

ይህ የባለሙያው የግል ግምት ብቻ አለመሆኑን መናገር ይገባኛል። በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪዎች ሃና፣ ሺሚ እና ኩስኪየሪ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሐኪሞች የተሻለ የሚሠሩት ሞኒተሩ ከፊት ለፊታቸው፣ ከራሳቸው ዝቅ ብሎ በእጃቸው ከፍታ ሲሆን እንደሆነ አሳይተዋል። ዕውቀቱ ይህን ያህል ዘመን አስቆጥሮ ሳለ፣ በብዙ ቦታ ሞኒተሩ የሚቆመው የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ባለበት መሆኑ ያሳዝነኛል።

አሁን ሬዚደንቶቻችን (በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች) የስፌት መርፌውን ከአንዱ መያዣ በሁለተኛው ሲቀበሉ ቀድሞ ይታይባቸው የነበረው መፈለግና መሳት ቀንሷል፤ ረጅም ቀዶ ሕክምና ስንጨርስም አንገታችንን እያሸን አንወጣም። ባለሙያው አልጋውንም ዝቅ እንድናደርግ መክረውናል፤ መሣሪያዎቹ ረጃጅም በመሆናቸው አልጋው ከፍ ሲል ትከሻም አብሮ ስለሚነሣ ሞኒተሩን ማስተካከል ብቻውን በቂ አይሆንም።

ለዚህ ትጋታቸው በመላው የቀዶ ሕክምና ቡድናችን ስም ከልብ አመሰግናቸዋለሁ። አገልግሎታቸውን የምትፈልጉ ሆስፒታሎች በውስጥ መልእክት ብትጽፉልኝ፣ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመምጣታቸው በፊት የክፍሉን ስፋት፣ የሶኬቶቹንና የሰመመን ማሽኑን አቀማመጥ፣ አዘውትራችሁ የምትሠሯቸውን የቀዶ ሕክምና ዓይነቶችና የሐኪሞቻችሁን ቁመት አዘጋጅታችሁ ብትጠብቋቸው ሥራው ይፈጥናል።