አራት አንቴና ያለው ራውተር ለመግዛት ላሰባችሁ የጎንደር ሸማቾች

ባለፈው ወር ፒያሳ ከሚገኝ አንድ የኤሌክትሮኒክስ መደብር በ5,200 ብር የገዛሁት የዋይፋይ ራውተር ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳያሟላ ስለቀረ፣ ተመሳሳይ ዕቃ ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ያንኑ ካርቶን በሌሎች መደብሮችም ተደርድሮ ስላየሁት ነገሩ የአንድ ሻጭ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ ራውተር ያስፈለገኝ በቤታችን አሠራር ምክንያት ነው። የፋይበሩ መስመር የሚገባው ሳሎን ሲሆን፣ ሳሎኑን ከውስጠኛው መኝታ ክፍል የሚለየው ግድግዳ፣ የፋሲል ግቢን ያህል ባይሆንም፣ በድንጋይ የተገነባና ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው በመሆኑ ዋይፋዩ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ይህን ለሻጩ ሳስረዳው አራት አንቴና ያለው፣ «1200» የሚል ቁጥር በቀይ የተጻፈበትና «ባለ ሁለት ባንድ» (በሁለት የተለያዩ የሬዲዮ ሞገዶች የሚሠራ) የተባለ ዕቃ አውጥቶ፣ «ይሄ ግድግዳ ይበሳል» አለኝ፤ እኔም አመንሁት።

ያ ቁጥር ምን እንደሆነ የገባኝ ከገዛሁ በኋላ ነው። በትክክለኛ ባለ ሁለት ባንድ ራውተር ላይ 1200 የሚባለው፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚገኘው 300 ሜጋቢት በሰከንድና በ5 ጊጋኸርዝ የሚገኘው 867 ተደምረው፣ ድምሩም ወደ ላይ ተጠጋግቶ ነው። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከሁለቱ አንዱን ስለሆነ ድምሩን ማንም አያገኘውም፤ የየባንዱ ቁጥርም ቢሆን የወረቀት ጣሪያ ነው። ግድግዳን በተሻለ የሚያልፈው ደግሞ ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ሳይሆን ቀርፋፋው 2.4 ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ያመሰገነልኝ ሁለተኛው ባንድ ኖሮ እንኳ ቢሆን ለድንጋዩ ግድግዳ መፍትሔ አይሆንም ነበር።

የእኔው ራውተር ግን ሁለተኛው ባንድ ጭራሹን የለውም። በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራው ስልኬ የሚያየው አንድ ስም ብቻ ነው፣ እሱም በ2.4። ሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሬ ሳነሣው ከበታቹ «300» የሚል ሌላ ወረቀት ተገኘ። ክዳኑን የከፈተልኝ የጥገና ባለሙያ ደግሞ ከአራቱ አንቴናዎች ሁለቱ ከውስጥ ሽቦ ያልተያያዘላቸው፣ ለመልክ ብቻ የቆሙ መሆናቸውን አሳየኝ። ከብልሽቱ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው፤ የማይሠራ አንቴና የተተከለው ገዢ አንቴና እንደሚቆጥር ታውቆ ነውና።

ሌላው ችግር የእህቴ ልጅ ከዘመድ የተላከለትን ፒኤስፒ፣ ያን በእጅ የሚያዘውን የጨዋታ መሣሪያ፣ ለማገናኘት ሲሞክር ተገለጠ። መሣሪያው የራውተሩን ስም ያየዋል፤ ይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ግን አይገናኝም። ሻጩ ዘንድ ስንወስደው «መሣሪያው አርጅቷል፣ ታብሌት ግዙለት» አለን። ፒኤስፒ አልተበላሸም። እ.ኤ.አ. በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው ይህ መሣሪያ የሚያውቀው፣ በ1999 የወጣውንና ፍጥነቱ ከ11 ሜጋቢት የማያልፈውን 802.11ቢ የተባለውን የዋይፋይ ደረጃ ብቻ ሲሆን፣ የይለፍ ቃል ጥበቃውም የቀድሞው ደብሊውፒኤ ነው። ደህና ራውተር የድሮውንና የአዲሱን ደረጃ አደባልቆ እንዲሠራ ማስተካከል ይቻላል፤ ለአሮጌው መሣሪያም የእንግዳ ኔትወርክ ለብቻው ከፍቶ፣ የቤቱን ዋና ኔትወርክ ጠንካራ በሆነው ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ማቆየት ይሻላል። የእኔ ራውተር የማስተካከያ ገጽ ግን ስምና ይለፍ ቃል ከመቀየር ሌላ ምርጫ የለውም።

ገንዘቤን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «የተከፈተ ዕቃ አይመለስም፣ 1,500 ብር ጨምረህ ሌላ ውሰድ» የሚል ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ሸማቹ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኔ የተሸነፍሁት በደረሰኙ ነው፤ በእጅ «ራውተር 1» ተብሎ ብቻ ስለተጻፈ ባለ ሁለት ባንድ ተብሎ እንደተሸጠልኝ የማሳይበት ነገር አልነበረኝም። እናንተ ሞዴሉና «ባለ ሁለት ባንድ» የሚለው ቃል ደረሰኙ ላይ እንዲሰፍር ሳታደርጉ አትክፈሉ።

ስትሄዱም ስልካችሁንና ቤት የምትጠቀሙበትን አሮጌ መሣሪያ ይዛችሁ፣ ራውተሩ እዚያው መብራት ላይ ተሰክቶ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ። ሥሩ ያለው ሞዴል ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆኑን፣ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ከሆነም አዳፕተሩ 220 ቮልት የሚችል መሆኑን ተመልከቱ፤ 120 ብቻ የተጻፈበት የእኛ መብራት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የስልክ ገመድ መሰኪያ ያለው የቀድሞ ኤዲኤስኤል (በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት) ሞደም በርካሽ ከቀረበላችሁም ፋይበር ለገባበት ቤት የተሠራ አይደለም።

ካርቶኑ ጥቁር ነው፤ ከፊቱ አራት አንቴና ያለው ሥዕልና ቀዩ 1200 አለበት፤ የአምራቹ አድራሻ በየትኛውም ጎኑ አልተጻፈም። ትናንት በዚያ ሳልፍ አምስቱ መደርደሪያው ላይ ነበሩ።