ደሴ ላይ ያስቀየርኳት የማሽን ጎማ

ሐምሌን ደሴ ነው ያሳለፍኩት፣ እናቴ ጋ። ከፍራንክፈርት ከመነሳቴ በፊት ሰው ሁሉ ስለ መንገዱ ይጠይቀኝ ነበር። ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ከእረፍቴ አንዱን ሳምንት የፈጀሁት ከአንዲት ክብ ጎማ ጋር ስታገል ነው። ስለዚህ አገር ቤት ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ልጻፍ ብዬ ስቀመጥ ሰፊውን ቦታ የምትይዘው እሷ ናት፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ወርጄ ወደ ደሴ በሚኒባስ ወጣሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ግን የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ጆሮህ ድፍን ይላል፣ ታች በሸሚዝ የነበርከው ሰውዬ አናቱ ላይ ስትደርስ ጃኬት ፍለጋ ሻንጣህን ትበረብራለህ። ሾፌሩ ጉሙ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የነዳው፣ እድሜ ይስጠው። ሒሳቡም ከሌላው ተሳፋሪ እኩል ነበር። ይሄን የማነሳው በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ስላለ ነው። ፒያሳ አካባቢ ፀጉሬን ተቆረጥኩ፤ ትኩስ ፎጣ፣ የአንገት ማሸት፣ በላዩ ላይ ሰፈር ውስጥ ማን እንዳገባና ማን እንደፈታ። አሪፍ ነበር። ባጃጆቹ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ከሙዚቃው በስተቀር።

አሁን ወደ ማሽኑ።

ከአምስት ዓመት በፊት እኔና እህቴ ተዋጥተን ነው ለእናቴ የገዛንላት። ከፊት የሚከፈት፣ 7 ኪሎ የሚያጥብ። ክረምት ላይ ደሴን የሚያውቅ ሰው ቅንጦት ነው አይለኝም። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ይወርድና ግቢ ውስጥ ይተኛል። በእጅ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ሰንብቶም አይደርቅም፣ ጭራሽ መሽተት ይጀምራል። ማሽኑ ጨምቆ ካወጣው ግን ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ጣል ብታደርገው እንኳ በማግስቱ ይለበሳል።

በገባሁ በሁለተኛው ቀን መታጠቢያ ቤት ስገባ ማሽኑ ስር አሮጌ ብርድ ልብስ ተነጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው እማ?»

«ትንሽ ያልበዋል» አለችኝ።

ያልበዋል! ማሽኑን ከፍተን ቁጭ ብዬ ሳየው ላቡ ግማሽ ሳፋ ሞላ። በሩን ከፈትኩት። በበሩና በሚሽከረከረው በርሜል መሃል ያለችውን ግራጫ፣ እጥፍጥፍ ያለች ጎማ ታውቋታላችሁ? እጥፋቷን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ ጥቁር ሻጋታ፣ የተጠቀለለ ፀጉር፣ የአንድ ብር ሳንቲም እና ሁለት እስፒል ወጣ። ከታች፣ ውሃ የሚመለስባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አጠገብ፣ የጣት አንጓ የምታህል ስንጥቅ አለች። እስፒሎቹ የእናቴ የሻሽ ናቸው። «እኔ እኮ ስፈልጋቸው ነበር» አለችና ተቀበለችኝ።

እህቴ ወደ ጥገና ቤት ስንሄድ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። «ዋጋ ሲነገር አንተ አፍህን እንዳትከፍት።» እኔ ደግሞ ገና ከበሩ «ገንዘቡ ችግር የለውም፣ ብቻ ዛሬ ይለቅልኝ» ብዬ ጀመርኩ። ልጁ ፊቴን አየ፣ ከዚያ ጫማዬን አየ፣ «ከውጭ ነህ አይደል?» አለኝ። እህቴ ወደ ጣሪያው ቀና አለች።

ስሙን አልጠራም፣ ግን የሆነውን ልንገራችሁ። ማሽኑን በጭነት ባጃጅ ወሰድነው። ውስጡ ማመጣጠኛ ሲሚንቶ ስላለው ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ወገቤ እስካሁን ያስታውሰዋል። «ዛሬ» የተባለው በሦስተኛው ቀን ሆነ። 2,500 ብር ከፍዬ ተረከብኩ። በመጀመሪያው እጥበት ጠብ ያለ ነገር የለም። በሁለተኛው፣ መጭመቅ ሲጀምር፣ የቦርከና ወንዝ ቤታችን ገባ። ጎማዋን ገለጥ ሳደርጋት ምን ባይ ጥሩ ነው? የካላማዳሪያ ቁራጭ በማስቲሽ ተለጥፎባታል። ጎሚስታ ጋ ብሄድ በመቶ ብር ይለጥፍልኝ ነበር። ተመልሰን ስንጠይቅ «ማሽኑ አርጅቷል፣ ሌላ ግዛ፣ እኛም ጋ አለ» ተባልን። ብሩም አልተመለሰም። አገልግሎቱን ስገመግም እንግዲህ ዜሮ፣ ከባጃጁ ኪራይ ጋር ከዜሮ በታች።

ሁለተኛውን ሰውዬ ያገኘነው በጎረቤት ነው። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ፍሪጅና ማሽን የሚሰራ ባለሙያ ነው፤ ቢሮ የለውም፣ ስልክና አንድ የመሣሪያ ቦርሳ ብቻ። የደወለችው እህቴ ናት፣ እኔ ከክፍሉ ተባረርኩ። በኋላ እንደነገረችኝ ሰውዬው ከዋጋ በፊት ሁለት ነገር ነው የጠየቀው። አንደኛው «መቼ ነው የሚያፈሰው? ውሃ ሲሞላ ነው፣ ሲያጥብ ነው ወይስ ሲጨምቅ?» ገና ሲሞላ ከሆነ ከኋላ ያለው የውሃ መግቢያ ቱቦ ወይም የሳሙና መሳቢያው ሊሆን ይችላል፤ አረፋ እየተግተለተለ ከሆነ የሳሙና መብዛት ነው፣ ጎማውን መቀየር ከንቱ ልፋት ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ «በሩ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ» የሚል ነበር።

የስቲከሩ ነገር ዋና ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዓይን ሲታይ የማሽን ጎማ ሁሉ ክብ ነው፣ ሁሉም ግራጫ ነው። ግን በአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓይነት 7 ኪሎ ማሽን እንኳ ሁለትና ሦስት ዓይነት ጎማ አለ፤ የከንፈሩ ስፋት ይለያያል፣ የቀዳዳው ቦታ ይለያያል። በሞዴል ቁጥሩ ካልሆነ በግምት አይገዛም። ሰውዬው ቁጥሩን መርካቶ ላለ ሰው ላከው። ሰኞ ታዘዘ፣ ረቡዕ ማታ ከአዲስ አበባ በመጣ አውቶቡስ ጎማዋ ደሴ ገባች። 6,500 ብር። እኔ ደግሞ ያን ቀን ማታ ኢንተርኔት ላይ ቁጥሩን ብፈልገው ያቺው ጎማ ጀርመን አገር 35 ዩሮ ነች። ክብደቷ አንድ ኪሎ አይሞላም። እኔ ሻንጣዬ ውስጥ አራት ኪሎ ቸኮሌት ይዤ ነው የመጣሁት! ስለዚህ ወደ አገር ቤት የምትሄዱ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ቤተሰብ ጋ ያሉትን ማሽኖች ስቲከር ፎቶ አስነስታችሁ አስልኩ፣ ምን እንደተበላሸም ጠይቁ። «ያልበዋል» ካሏችሁ አትመኑ።

ሰውዬው ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ ዓርብ ጠዋት መጣ፤ ሳይደውል። ይሄን እንደ ጉድለት ጽፌበታለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት።

መጀመሪያ ሶኬቱን ነቀለ፣ ውሃውን ዘጋ። እናቴ ቡና ልታፈላ ስትነሳ «እማማ፣ ለኔ ደግሞ አንድ ሳፋ ሙቅ ውሃ ቢሰጡኝ» አላት። አዲሷን ጎማ ሙቅ ውሃው ውስጥ ነከራት። በብርድ ግትር ትላለች፣ ስትሞቅ ግን እንደ ሊጥ ትታዘዛለች አለኝ። የአሮጌዋን ከንፈር ገልብጦ ከፊት በኩል የያዛትን ቀጭን ሽቦ ከታች ሞላው ያለበት ቦታ ላይ በካቻቢቴ ሳብ አድርጎ አወጣው። የበሩን መቆለፊያ ሁለት ብሎን ፈታ፣ የፊቱን ቆርቆሮ አነሳ፣ ውስጠኛውን ፋሸታ፣ ማለትም ማሰሪያ ቀለበቱን፣ አላላ። በየደረጃው በስልኩ ፎቶ ያነሳል። አሮጌዋ ስትወጣ ጎማዋ የተቀመጠችበትን ጠርዝ በጨርቅ ለረጅም ጊዜ ሲፈትገው ቆየ፤ የአምስት ዓመት ሳሙናና የውሃ ዝቃጭ ድንጋይ ሆኗል። «ብዙ ሰው ይቺን ትቶ ነው አዲስ የሚገጥመው፣ ከዚያ በጎን ታፈሳለች» አለኝ።

እኔም እንደሚያውቅ ሰው «ግራሶ ብትቀባው አይገባም?» አልኩ። ደንግጦ አየኝ። ግራሶ ጎማ ይበላል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጣቱ ለቅለቅ አደረገና እየገፋ አስገባት። ጎማዋ አናት ላይ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለች፤ እሷን ከማሽኑ ምልክት ጋር ትይዩ አደረገ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳዎቹ በትክክል ወደ ታች መሆናቸውን በጣቱ ዳሰሰ። እነሱ ወደ ጎን ከዞሩ ውሃው እጥፋቷ ውስጥ ይቀራል፣ ይሸታል፣ ሻጋታው ይመለሳል።

የመጀመሪያውን ልጥፍ ሲያይ ሳቀ። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለን ካላማዳሪያ አየሩ ራሱ ከውጭው ጎማ ጋር ደፍጥጦ ይይዝለታል፤ ይቺ ግን በርሜሉ በተወዛወዘ ቁጥር ትለጠጣለች፣ ትታጠፋለች፣ በላዩ ላይ ሙቅ ውሃና ሳሙና። ማስቲሽ ይሄን አይችለውም።

ገጥሞ ጨረሰ፣ ሶኬቱን ሰካ፣ መብራት ጠፋ።

አቦሉን ጠጣን። መብራት የለም። ቶናውን ጠጣን። ጁምዓ ደረሰ። «ሰግጄ እመለሳለሁ፣ አብሽሩ» ብሎ ወጣ። እህቴን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ያው ፍራንክፈርት የኖረ ሰው ልብ፣ አይመለስም ብዬ ነው። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ፣ በረካው ላይ ደረሰ። መብራቱም ተከትሎት መጣ። ማሽኑን ባዶውን ለማለቅለቅ ከፈተና ስሩ ዙሪያውን ሶፍት ዘረጋ። በስልኩ መብራት እያየ እስከ መጭመቂያው መጨረሻ በርከክ ብሎ ቆየ። ሶፍቱን አንስቶ ለእናቴ ሰጣት። ደረቅ ነው።

ከዚያ ምክሩን ለሷ ነው የሰጣት፣ ለኔ አይደለም። እስፒልና ሳንቲም ሳይወጣ ልብስ እንዳይገባ። የእጅ ማጠቢያ ዱቄት አረፋው ስለሚበዛ የማሽን ተብሎ የተጻፈበት ይገዛ። ሻጋታ ከታየ በበረኪና በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፣ በረኪናው በውሃ ይቅጠን፣ ከአቼቶ ጋር ግን ፈጽሞ አይደባለቅ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ከእጥበት በኋላ እጥፋቷ በደረቅ ጨርቅ ትጠረግ፣ በሩ ክፍት ይደር።

«ክፍት ይደር?» አለች እናቴ። «አይጥ ትግባበት?»

መልስ ያጣል ብዬ ነበር። «ስስ ጨርቅ ጣል ያድርጉበት፣ አየር ካገኘች ይበቃታል» አላት። ሕፃን ሲመጣ ግን ይዘጋ አለ፣ ገብቶ እንዳይጫወትበት።

የእጁን 1,500 ብር ጠየቀ። እህቴ ሁሉን አስቀድማ ተነጋግራ ነበር፣ ጥያቄ የለም። እኔ ግን አላስቻለኝም፣ 500 ጨመርኩ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ «ለጎረቤቱ ሁሉ ዋጋ አስወደድክ» ብላ ማታውን ሙሉ አኮረፈችኝ። ደረሰኝ የለውም፣ የጽሑፍ ዋስትና የለውም። በማርከር ማሽኑ ጎን ላይ 25/11/2017 ብሎ ቀኑን፣ ከስሩ ስልኩን ጻፈና «ስድስት ወር ሳይሞላ ካፈሰ በነፃ ነው» አለ። አምኜዋለሁ። ደሴ ማሽን ያላችሁ ሰዎች ቧንቧ ውሃ ሰፈር ፍሪጅ ሰሪ ብላችሁ ጠይቁ፤ በስልክ ስቲከሩን ያልጠየቃችሁ ሰው ከሆነ ግን እሱ አይደለም።

ፍራንክፈርት ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። ትናንት እህቴ ፎቶ ላከችልኝ። የማሽኑ በር ገርበብ ብሏል፣ ያረጀች ነጠላ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥላበታለች፣ ከላዩ እስፒል የሚጠራቀምባት የቡና ስኒ ተቀምጣለች። ከፎቶው ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ አለ። «ማሽኑ ደህና ነው ልጄ፣ አላላበውም። ፍሪጁ ግን ትንሽ ያስለዋል።»

ስቲከሩን አንሺና ላኪልኝ አልኳት።