የአለት ጫማ ለሴቶች፦ ቲኤክስ4፣ ክራክስ ወይስ ጋይድ ቴኒ?

ቅዳሜ ጠዋት ቨርጂኒያ ውስጥ ኦልድ ራግ ተራራ ላይ ብትቆሚ የማታዪው የጫማ ዓይነት የለም። ነጭ ስኒከር አለ፣ የሩጫ ጫማ አለ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚደርስ ከባድ ቦት አለ። ጫካው ውስጥ ያለውን ዳገት ሁሉም እኩል ይወጣዋል። ልዩነቱ የሚታየው ከላይ ነው፤ መንገዱ አልቆ ትልልቁ ግራናይት ሲጀምርና እጅም እንደ እግር ሥራ ሲገባ። እዚያ ስኒከሩ ይንሸራተታል። ቦቱ ደግሞ አልታጠፍም ይላል።

ለእንዲህ ዓይነት ቦታ የተሠራው አፕሮች ሹ የሚባለው ጫማ ነው። መነሻው አለት ወጪዎች፣ ማለትም አለት መውጣትን ስፖርት ያደረጉ ሰዎች ናቸው። ገመድና ብረታ ብረት ተሸክመው ከመኪናቸው እስከ ገደሉ ግርጌ የሚራመዱበት፣ መሃል ላይ ቀለል ያለ አለት ቢገጥማቸውም ሳይቀይሩ የሚወጡበት ጫማ ፈለጉ። ከላይ ሲታይ ተራ ስኒከር ይመስላል። ገልብጠሽ ስታዪው ነው ነገሩ የሚገባሽ።

በአውራ ጣት በኩል ያለው የሶሉ ክፍል ልሙጥ ነው። ጥርስ የለውም። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ «ያለቀ ጫማ ሊሸጡልኝ ነው እንዴ?» ይላል። ግን ደረቅ አለት ላይ የሚይዝሽ ጎማው ራሱ እንጂ ጥርሱ አይደለም። ጎማው ለስለስ ያለ ከሆነና ሰፋ አድርጎ ድንጋዩን ከነካ ይጣበቃል። ጥርሳም ሶል ድንጋዩን የሚነካው በጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው። ጭቃ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጥርስ የሌለው ሶል ይዞሽ ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ አፕሮች ጫማ በሁለቱ መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። አንዱ ወደ አለቱ ያደላል፣ ሌላው ወደ መንገዱ። የምትመርጪውም ይህንኑ ነው። ቀለሙን በኋላ ትደርሺበታለሽ።

ሌላው የሚለየው ጣቱን ዙሪያውን የከበበው የጎማ ከፈፍ ነው። እግርሽን ስንጥቅ ውስጥ ስትሰኪ ቆዳው እንዳይላጥ የሚጠብቀው እሱ ነው። ማሰሪያውም ወደ ጣት ጠጋ ብሎ ይጀምራል። ለመራመድ ላላ፣ ለመውጣት ጠበቅ ታደርጊዋለሽ።

አሁን ወደ ዕቃው። የማነጻጽረው አራት ነው፤ አራቱም በሴቶች ቅርጽ ይመጣሉ። የላ ስፖርቲቫ ቲኤክስ4 ኢቮ፣ የስካርፓ ክራክስ፣ የፋይቭ ቴን ጋይድ ቴኒ፣ እና ቀላሉ የላ ስፖርቲቫ ቲኤክስ2 ኢቮ። ላ ስፖርቲቫ ከ1928፣ ስካርፓ ከ1938 ጀምሮ ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ጫማ የሚሠሩ ቤቶች ናቸው። ፋይቭ ቴን በ1985 ካሊፎርኒያ የተጀመረ ሲሆን አዲዳስ በ2011 ገዝቶታል። አሜሪካ ውስጥ አራቱም ከ140 እስከ 200 ዶላር ገደማ ይሸጣሉ። ክራክስ ብዙ ጊዜ ወደ ታችኛው፣ ቲኤክስ4 ወደ ላይኛው ነው።

አለቱ ላይ

ጋይድ ቴኒ እዚህ ይነግሣል። ስቴልዝ የሚባለው ጎማው በአለት ወጪዎች ዘንድ ስሙ የተጠራው በመያዝ ችሎታው ነው። የሶሉ ጥርስ ጥልቀት የሌለው ክብ ክብ ነጠብጣብ ነው። ልሙጥና ዘንበል ያለ አለት ላይ ሙሉ እግርሽን አሳርፈሽ ስትቆሚ አምነሽው ትቆሚያለሽ። ሜሪላንድ ውስጥ ካርደሮክ ሄደሽ ታውቂ ከሆነ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። የዚያ ቦታ ድንጋይ ብዙ እጅና እግር ያለፈበት፣ የተወለወለ ነው።

ቲኤክስ4 ብዙም አይርቅም። ሶሉ ቪብራም የሚባለው የኢጣሊያ ሶል ሠሪ ሜጋግሪፕ የሚለው ጎማ ነው፤ ጣቱ በኩል ልሙጡ ቦታ አለው፣ ሌላው ጋ ክብ ክብ ጥርስ። ጠንከር ያለ በመሆኑ ትንሽ ጠርዝ ላይ በጣትሽ ስትቆሚ እግርሽ አይደክምም። ይሄ ሸክም ለሌላት ሴት ብዙ ላይሰማ ይችላል። ከባድ ቦርሳ ላዘለች ግን ትልቅ ነገር ነው።

ክራክስም የቪብራም ሶል አለው፣ ግን ለስለስ ይላል። እንደ ቢሊ ጎት ላለ መንገድ ከበቂ በላይ ነው። ቢሊ ጎት፣ ለማታውቁት፣ ከዲሲ ደጃፍ ግሬት ፎልስ ሜሪላንድ በኩል ያለ የእግር መንገድ ነው። ኤ የሚባለው ክፍል 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ግን አብዛኛው ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል ነው። አንድ ቦታ ላይ ዘንበል ያለ ግድግዳ በእጅና በእግር ይወጣል። ክራክስ ያንን ያለ ችግር ያደርገዋል። ገመድ ታስረሽ የምትወጪው አለት ላይ ሲሆን ግን ከሁለቱ ያንሳል።

ቲኤክስ2 ጥሩ ይይዛል፣ የተሠራበት ዓላማ ግን ሌላ ነው። አካሉ ከቆዳ ሳይሆን ከሹራብ መሰል ጨርቅ የተሠራ ነው፣ ጥንዱንም አንድ ላይ የሚያስር ላስቲክ አለው። ከታች የአለት መውጫ ጫማሽን ቀይረሽ እሱን ወገብሽ ላይ ታንጠለጥይዋለሽ፣ ከላይ ስትደርሺ አድርገሽው በሌላ በኩል በእግርሽ ትወርጃለሽ። እንዲህ የማታደርጊ ከሆነ ለቀላልነቱ ብለሽ አትግዢው። ስለታም ድንጋይ ሲመታሽ ጨርቅና ቆዳ አንድ አይደሉም።

መንገዱ ላይ

ኦልድ ራግን ዞሮ መመለስ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አለቱ ከዚያ ውስጥ ትንሹ ክፍል ነው። ሌላው ዳገት፣ ሥር፣ ጠጠርና መጨረሻ ላይ የማያልቅ የሚመስል ቁልቁል። ብዙ ሰው ጫማ ሲገዛ የሚያስበው ፎቶ የሚነሳበትን አለት ነው። እግሩን የሚያሳምመው ግን ቁልቁሉ ነው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ክራክስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይመቻል። ቲኤክስ4 ደንደን ያለ ስለሆነ ሹል ጠጠር እግርሽን አይወጋሽም፣ ቦርሳ ሲከብድም ይሸከምሻል። ቆዳው እስኪለምድሽ ግን ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል፤ በአዲሱ ጫማ ረጅም ጉዞ አትውጪ። ጋይድ ቴኒ ረጅም መንገድ ላይ ያደክማል፣ ጭቃና የረጠበ ቅጠል ላይም ያ ነጠብጣብ ሶል የሚቆነጥጠው ነገር የለውም። ደረቅ አገር ላለች ሴት፣ ለምሳሌ ኔቫዳ ወይም ካሊፎርኒያ፣ ይሄ ጉድለት ብዙም አይታያትም። ለእኛ ለምሥራቆቹ ግን መኸር ላይ መንገዱ ሁሉ ቅጠል ነው።

ጎር ቴክስ (ውሃ የሚከለክል ስስ ሽፋን) ስላለባቸው ሞዴሎች እዚሁ ልጨርስ። ሻጩ «ውሃ አያስገባም» ይልሻል፤ እውነቱን ነው። ግን ጫማው አጭር ነው። ጅረት ውስጥ ከገባሽ ውሃው ከላይ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ አይወጣም። በዚያ ላይ የዲሲ ጁላይ አለ። ያ ወበቅ እግርሽን እዚያው ውስጥ ይቀቅለዋል፤ የረጠበ እግር ደግሞ ቶሎ ውሃ ይቋጥራል። በበረዶ የምትሄጂ ከሆነ ውሰጂው። ካልሆነ ገንዘብሽን ጥሩ የሱፍ ካልሲ ላይ አውዪው።

እግርሽ ላይ

ከዚህ በላይ ያልኩትን ሁሉ ሊሽር የሚችለው ይህ ክፍል ነው። ምርጥ የተባለው ጫማ እግርሽ ላይ ካልተቀመጠ ሶሉ ምንም አያደርግልሽም።

«የሴት» የሚባለው ቅርጽ ከወንዱ የሚለየው በዋናነት ተረከዙ ጠበብ፣ በእግር ጀርባ በኩል ያለው ቦታ ዝቅ ማለቱ ነው። ሶሉና ጎማው ብዙ ጊዜ ያው ነው። ስለዚህ እግርሽ ሰፊ ከሆነ የወንዱን ሞክሪ፤ ማንም አይከስሽም። ጠባብ ተረከዝ ያላት ደግሞ የወንዱ ቀለም አማረኝ ብላ እንዳትታለል። ወደ ላይ ስትወጪ ተረከዝሽ ከፍ ዝቅ ካለ፣ አንደኛ ይልጥሻል፣ ሁለተኛ ትንሽ ጠርዝ ላይ መቆም አትችዪም።

ቲኤክስ4 ፊት በኩል ሰፋ ያለ ጫማ በመሆኑ የታወቀ ነው። የአውራ ጣት አጥንታቸው ወጣ ላለ ሴቶች እፎይታ ነው። እግራቸው ቀጭን ለሆነ ደግሞ ተረከዙ ሊላላባቸው ይችላል። ጋይድ ቴኒን አለት ላይ ልትጠቀሚበት ካሰብሽ ጠበቅ አድርገሽ ግዢው፤ ጣትሽ ግን መታጠፍ የለበትም። ያ ዓይነቱ ስቃይ ለእውነተኛው የአለት መውጫ ጫማ ይቆይልሽ።

ሱቅ ስትሄጂ ከሰዓት በኋላ ሂጂ፤ እግር ቀን ሲውል ያብጣል። የምትራመጂበትን ካልሲ ይዘሽ ሂጂ። ብዙ የአር ኢ አይ ሱቆች ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ትንሽ የድንጋይ መወጣጫ አለ። ወደ ላይ መውጣቱ ብዙ አይነግርሽም፣ ወደ ታች ውረጂበት። አውራ ጣትሽ ጫፉን ከነካ ግማሽ ቁጥር ጨምሪ። ቁጥሩን በተመለከተ የአሜሪካውን ትተሽ የአውሮፓውን ተከተዪ። ኢጣሊያኖቹ የሚሠሩት በእሱ ነው፤ እኛም አገር ቤት 38፣ 39 እያልን ያደግነው በእሱ ነው። ግን የአንዱ ድርጅት 38 ከሌላው 38 ጋር እኩል ነው ብለሽ እንዳትዪ።

ታዲያ የትኛው?

በወር አንዴ ከጓደኞችሽ ጋር ቢሊ ጎት ወይም ኦልድ ራግ የምትወጪ ከሆነ ክራክስን ግዢ። ትርፉን ገንዘብ ለነዳጅ። (ኦልድ ራግ ከማርች እስከ ኖቬምበር የቀን ቲኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት መግዛት ይጠይቃል፤ በር ላይ ደርሰው የተመለሱ ብዙ ናቸው።) ከባድ ቦርሳ የምታዝዪ፣ አለት መውጣትም የጀመርሽ፣ አንድ ጫማ ለሁሉም የምትፈልጊ ከሆነ ቲኤክስ4 ኢቮ። የእኔም ምርጫ እሱ ነው። መንገድሽ አጭር፣ አለትሽ ብዙ ከሆነ ጋይድ ቴኒ። ቲኤክስ2ን ለምን እንደምትፈልጊው ካወቅሽ እኔ ልነግርሽ አያስፈልግም።

አገር ቤት ስትሄጂ ይዘሽው የምትሄጂ ከሆነም ቲኤክስ4 ወይም ክራክስ ይሻላል። ሰሜን ተራሮች ላይ ረጅም መንገድ፣ አቧራና ልቅ ድንጋይ ነው የሚበዛው፤ የጋይድ ቴኒ ሶል እዚያ ይቸገራል። ገርዓልታ ደግሞ አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ደቃቁ አሸዋ ልሙጡ ላይ ሲበተን የትኛውም ጎማ ያንሸራትታል። ሶልሽን ከመውጣትሽ በፊት በእጅሽ ጠረግ አድርጊው። ገደል ላይ ያለው አቡነ የማታ ጎህ ቤተ ክርስቲያን ጋ ግን ይህ ሁሉ ንጽጽር ዋጋ የለውም። እዚያ ጫማ ወልቆ ነው ገደሉ የሚወጣው። የአካባቢው ሰዎች እግርሽን የት እንደምታሳርፊ ያሳዩሻል፣ ባዶ እግርም ከቪብራም አያንስም።

ስለ ቪብራም ካነሳን አይቀር። ሶሉ ላይ የምታዪው ቢጫ ስምንት ማዕዘን የአንድ ኢጣሊያዊ ተራራ ወጪ፣ የቪታሌ ብራማኒ ሥራ ነው። በ1935 ስድስት ጓደኞቹ ፑንታ ራዚካ በተባለ ተራራ ላይ ሞቱ። ጫማቸው ለዚያ አየር የሚሆን አልነበረም። ብራማኒ በ1937 የጎማውን ሶል ይዞ ብቅ አለ።

ስለ ዕድሜ

ይህ ለስላሳ ጎማ አስፋልት አይወድም። ያምራል ብለሽ ጆርጅታውን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብትዞሪበት ጣቱ ጋ ያለው ልሙጡ ክፍል ቶሎ ይበላል፤ የከፈልሽው ደግሞ ለእሱ ነው። ስትመለሺ ጭቃውን በውሃና በብሩሽ አጥበሽ ጥላ ውስጥ አድርቂው። ማሞቂያ ላይ ወይም መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዪው፣ ሙቀት ሙጫውን ያላቅቀዋል።

ሲያልቅስ? ቲኤክስ4 ኢቮ ሶሉ እንዲቀየር ታስቦ የተሠራ ነው፣ ዋጋው ከፍ ቢልም በዚህ ይካሳል። አሜሪካ ውስጥ በፖስታ ተቀብለው የአለት ጫማ ሶል የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ዋጋቸው ከአዲስ ጫማ ያንሳል። ሰፈር ያለው ጫማ ሰፊ ሊሠራልሽ ቢልም ያ ዓይነት ጎማ ስለማይኖረው ተራ ሶል ይለጥፍልሻል። ዋናው ነገር ሳትዘገዪ መላክ ነው። ሶሉ ብቻ ሳለ ሥራው ቀላል ነው። ጣቱ ጋ ያለው ከፈፍ ተበልቶ ቆዳው መታየት ከጀመረ ግን ሁለቱንም ያስከፍሉሻል፣ አንዳንዴም አንሠራም ብለው ይመልሱልሻል።