የጠረጴዛ ወይስ ተገጣሚ? የጋዝ ምድጃ ከበርነሩ ሲመረጥ

ሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው መስታወቱና የእሳቱ ብዛት ነው። ገዢውን ለዓመታት የሚያስደስተው ወይም የሚያማርረው ግን በርነሩ፣ ማለትም ጋዙ ከአየር ጋር ተደባልቆ የሚነድበት ክፍል ነው፤ በርነሮች ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚለያዩት አየር በሚስቡበት ቦታ ነው።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ባለ ሁለት እሳት ምድጃ ገልብጠው ይዩት። ከማዞሪያው ጀርባ ኖዝል፣ ማለትም ጋዙ የሚወጣበት ደቃቅ ቀዳዳ ያለው አፍ አለ፤ ከኖዝሉ ፊት አፉ ሰፋ ያለ ቱቦ ይጀምራል። ጋዙ በፍጥነት ሲወጣ በቱቦው አፍ በኩል አየር ጎትቶ ይገባል፣ እየተደባለቀ ሄዶ በበርነሩ ክዳን ቀዳዳዎች ይወጣል። በብዙዎቹ ላይ ቱቦው አፍ ጋ የምትዞር ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ አየሩ የሚጨመረውና የሚቀነሰው በእሷ ነው። ኩሽና ውስጥ የሚገጠመውና ባለ ኦቨኑ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ኖዝሉ ከክዳኑ ሥር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አየሩን ከላይ፣ በምድጃው የላይኛው ሳህንና በበርነሩ መሃል ካለው ክፍተት ይስባል፣ የሚስተካከል ነገር የለውም።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ልዩነት ይጎላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል። ከሲሊንደሩ የሚወጣውን ጋዝ ግፊት የሚወስነው ሬጉሌተር ያንኑ 30 ሚሊባር ቢሰጥም፣ 3 ኪሎዋት ተብሎ የተጻፈበት በርነር ወደ 2.6 ይወርዳል። ድብልቁ ግን ስስ ስለሆነ ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው በበለጠ ፍጥነት ነው፤ ማዞሪያው ሙሉ ሲከፈት እሳቱ ከክዳኑ ተነስቶ መንሳፈፍና «ሽሽ» ማለት ይቀናዋል። በጠረጴዛው ምድጃ ቆርቆሮዋን ትንሽ መዝጋት ይበቃል። በተገጣሚው የሚያድነው የክዳኑ አሠራር ብቻ ነው። ክዳኑን አንስተው ይዩ፦ በትላልቆቹ ቀዳዳዎች መካከል ወይም አጠገብ ደቃቅ ቀዳዳዎች፣ ወይም ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ካለ ጥሩ ነው። እዚያ ቀስ ብላ የምትነደው ትንሽ እሳት የትልቁን እሳት እግር ይዛ ታቆያለች፤ ሲለኮስም እሳቱን ዙሪያውን የምታዳርሰው እሷ ናት። ይህ የሌለውን በርነር ባይገዙት ይሻላል፤ መስኮት ሲከፈት የሚጠፋው እሱ ነው።

እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ሥሩ ላይ ጥርት ያለ ሹል ቅርጽ ካለው ደህና ነው። ጫፉ ቢጫ ሆኖ ድስት ካጠቆረ አየር አንሶታል፦ ቆርቆሮዋን ይክፈቱ፤ ካልተሻለው ቱቦውን በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ሳይሠራ በቆየ ምድጃ ሸረሪት ድር ትሠራበታለች። እሳቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ኖዝሉ ጋ ሲነድ ድምፁ ያጉረመርማል፣ ክዳኑ ከመጠን በላይ ይግላል። ወዲያው ያጥፉ፣ ሲበርድ ክዳኑን አስተካክለው ይግጠሙ። መንስኤው ብዙውን ጊዜ የተጣመመ ወይም ያለ ቦታው የተቀመጠ ክዳን ነው። መስታወት ምድጃ ላይ ይህን ችላ ማለት መስታወቱን ከሥር አግሎ ሊያፈነዳው ይችላል።

ስለዚህ የክዳኑ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ነሐስ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ይከብዳል፣ ሙቀትም ቶሎ አያጣምመውም። ቀለሙ አያታልልዎ፣ በእጅዎ ይመዝኑት። የብረት ክዳንም ጠንካራ ነው፣ ግን ታጥቦ ካልደረቀ ዝገቱ ቀዳዳ ይዘጋል። የትኛውም ይሁን፣ ቦታው ላይ አስቀምጠው ሲነኩት የሚወዛወዝ ከሆነ ይተዉት።

መለኮሻው ሦስት ዓይነት ነው። በማዞሪያው «ጧ» የሚለው ፒዬዞ ባትሪም መብራትም አይፈልግም፣ ግን በአንድ ማዞር አንድ ብልጭታ ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ማዞሪያውን ተጭነው ጋዙ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቀው ያዙሩ፤ ሲሊንደር በተቀየረ ቀን ቱቦው ውስጥ አየር ስላለ ደጋግመው አዙረው ሳይለኮስ ቢቀር አይገረሙ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ያለማቋረጥ ስለሚያበልጭ በቀላሉ ይለኩሳል። በ220 ቮልት የሚሠራውም እንደዚሁ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ግን ክብሪት ፍለጋ ይመለሳሉ። ጋዝ የሚገዙት መብራት ለሚጠፋበት ቀን ከሆነ የባትሪው ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ብልጭታው የሚወጣበትን ነጩን የሸክላ ዘንግ ይዩ። ጫፉ ከክዳኑ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ርቆ፣ ፊት ለፊቱ አንድ ቀዳዳ ሊኖር ይገባል። ከራቀ ጋዙ ተጠራቅሞ «ቡፍ» ብሎ ይነሳል፣ የእጅ ፀጉር የሚለበልበውም ያኔ ነው። ቤት ከገባ በኋላ ድምፁ እየተሰማ ካልለኮሰ ክፍሉን አጨልመው ይመልከቱ። ብልጭታው ከጫፉ ሳይሆን ከጎን ከታየ ሸክላው ተሰንጥቋል ወይም ወጥ ገንፍሎበት ርሷል። እርጥቡ ይደርቃል፣ የተሰነጠቀው ይቀየራል።

ገንዘብ መጨመር ካለብዎ ግን ለመለኮሻው ሳይሆን እሳት ሲጠፋ ጋዝ ለሚዘጋው ቴርሞካፕል ይጨምሩ። በርነሩ አጠገብ ከሸክላው ሌላ አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ ካለች እሷ ናት። እሳቱ ሲያግላት ጥቂት ሚሊቮልት ታመነጫለች፣ ያም የጋዙን በር በማግኔት ከፍቶ ይይዛል። ወተት ገንፍሎ እሳቱን ቢያጠፋው ዘንጓ ስትበርድ በሩ ይዘጋል። እሷ ባትኖር ጋዙ መፍሰሱን ይቀጥላል፤ የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል እንጂ በመስኮት ሽው ብሎ አይወጣም። ቴርሞካፕል ግን አንድ ችግር አለው፦ ከለኮሱ በኋላ ማዞሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። «ስለቀው ይጠፋል» የሚባለው ምድጃ ብዙ ጊዜ ዘንጓ በጥላሸት ስለተሸፈነች ነው።

ከውጭ አገር የሚላክ ምድጃ ላይ ኖዝሉን ያንብቡ። ለ3 ኪሎዋት በርነር የሲሊንደር ጋዝ ኖዝል 85 ገደማ ይጻፍበታል፣ ማለትም 0.85 ሚሊሜትር፤ ለቧንቧ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራው 115 ገደማ ነው። ሰፊውን ይዘው ከሲሊንደር ጋር ቢያገናኙት ረጅም ቢጫ እሳትና ጥላሸት ያተርፋሉ። ኖዝሎቹ ተቀያሪ ስለሆኑ አብረው ይላኩ ብለው ይጠይቁ። ከአሜሪካ የሚመጣው መለኮሻ ደግሞ ለ120 ቮልት ነው፣ በቀጥታ ከሶኬት አይሰኩት።

መብራት ሲጠፋ ብቻ ለሚበስልበት ቤት ባለ ሁለት እሳት፣ ነሐስ ክዳን፣ የባትሪ መለኮሻ ያለው የጠረጴዛ ምድጃ ይበቃል፤ ወጥ ቢገነፍልበትም ኖዝሉ ከዳር ስለሆነ አይደፈንም። ዕለት ተዕለት በጋዝ ለሚያበስልና ልጅ ላለበት ቤት ቴርሞካፕል ያለው ተገጣሚ ይሻላል። ያኔ አንዱ እሳት 1 ኪሎዋት ገደማ ይሁን፣ ለጀበና ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ የጀበና ማስቀመጫ ከሌለው ለብቻው ይግዙ። ትልቁ በርነር ሙሉ 3 ኪሎዋት ሲሰጥ በሰዓት ወደ 220 ግራም ጋዝ ይበላል፣ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ለ57 ሰዓት ያህል ነው። ለሁለቱም ሬጉሌተሩ ከ28 እስከ 30 ሚሊባር የማይለወጥ ይሁን፤ ለሆቴል ትልልቅ ምድጃ የሚሠራውን በእጅ የሚጨመር ሬጉሌተር ቤት ውስጥ አያስገቡ።