የሩጫ ሰዓት ከወራት አጠቃቀም በኋላ፦ የማምነውና የማላምነው

ይህን ሰዓት የገዛሁት ለግማሽ ማራቶን ልምምድ ስጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወራት አልፈዋል። በላብም በዝናብም ራሰ፣ ከበር እጀታና ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ተጎድቼ ሩጫ ባቆምኩባቸው ሳምንታት እንኳ ከእጄ አልወለቀም። በደህና ጊዜ ሁሉም ሰዓት ጎበዝ ነው። ጥቅሙ የሚለየው ሰው ሲደክም፣ ሲታመም፣ ጊዜ ሲያጥረው ነው። ስለዚህ ብዙውን የምጽፈው ስለዚያ ጊዜ ነው።

ዕቃው መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ የሩጫ ሰዓት ነው። በሳተላይት ቦታንና ርቀትን የሚለካ ጂፒኤስ አለው። የልብ ምትን ከእጅ አንጓ ላይ ይለካል። እንቅልፍ ይከታተላል። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ደግሞ ይህን ያህል ሰዓት እረፍ ይላል። የኩባንያውን ስም አልጠራም። የምነግራችሁን ጸባይ በዚህ ደረጃ ያሉ ሰዓቶች አብዛኞቹ ይጋሩታል። እኔ ሥራና ልጆች ያሉኝ ሰው ነኝ። የምሮጠው ወይ ቤቱ ሳይነቃ ነው ወይ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። በሳምንት አራት ቀን ከተሳካልኝ ጥሩ ሳምንት ነው።

ርቀት ላይ ባጭሩ፣ አምነዋለሁ። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ከዚያ የሚመጣው ደካማ ምልክት ረጃጅም ሕንፃ ሲያገኝ ነጥሮ ይመለሳል፤ ያኔ ሰዓቱ በሰው ጣሪያ ላይ ያስሮጣችኋል። ገላጣ መንገድ ላይ ግን ብዙም አይስትም። የቅጽበት ፔስ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጅብኝን ደቂቃ፣ የሚያሳየውን ቁጥር ከስክሪኑ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ሲዘል ነው የሚውለው። የያዝኩትን ኪሎ ሜትር አማካይ ፔስ ማየት ይበቃኛል።

ለውድድር ቀን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የማራቶን መንገድ 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። በደንቡ መሠረት የሚለካውም ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭሩ መስመር ነው። እኛ ደግሞ ሰው ለማለፍ እንጠማዘዛለን፣ ውኃ ለመውሰድ ወደ ዳር እንወጣለን፣ ኩርባውን በሰፊው እንዞራለን። ሰዓቱ 42 ተኩል ቢያሳይ አዘጋጆቹን መክሰስ አያስፈልግም። ይልቅ ሰዓቱ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በራሱ ቆጥሮ እንዳይመዘግብ አድርጉና የመንገዱ ምልክት ጋ ስትደርሱ ቁልፉን ራሳችሁ ተጫኑ። አለዚያ ባሰባችሁት ፔስ የምትሄዱ እየመሰላችሁ መጨረሻው ላይ ደቂቃ ይጎድላችኋል።

አሁን ወደ ልብ ምት። ሰዓቱ የዋለልኝ ትልቁ ውለታ ማዝገም ነው። ጊዜ የሚያጥረው ሯጭ ሁሉ አንድ አመል አለው፦ የማገኘው ሰዓት ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም ጠንከር አድርጌ ልሩጠው ይላል። ቀላሉ ሩጫ ይከብዳል፤ ከባዱ ቀን ሲመጣ እግር አልነሳ ይላል። ስቲቨን ሳይለር የተባለው ተመራማሪ የታላላቅ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ አጥንቶ 80 በመቶ ያህሉ ቀላል መሆኑን አሳይቷል። ሙያቸው ሩጫ የሆነና ከልምምድ በኋላ ተኝተው የሚውሉ ሰዎች ይህን ያህል ከቀለሉ፣ ከስምንት ሰዓት ሥራ ተነስተን የምንሮጠው እኛ ምን ቤት ነን?

ስለዚህ ለቀላል ሩጫ የልብ ምት ጣሪያ አስቀመጥኩ። ሳልፈው ሰዓቱ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ላይ በጣም ያበሳጫል። ዳገት ላይ በእግር ያስኬዳል። ሰው ሁሉ እየገላመጣችሁ ያልፋል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን በዚያው የልብ ምት ፈጠን ብዬ መሮጥ ጀመርኩ። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ደግሞ ቤት ገባ። ከረጅም ሩጫ ስመለስ ሶፋ ላይ ወድቄ የምቀር ሰው መሆኔ ቀረ። ከልጆቹ ጋር ኳስ መጫወት እችላለሁ። ይህ የትኛውም ግራፍ ላይ አይታይም። ባለቤቴን ብትጠይቁ ግን ሰዓቱን የምታደንቀው በዚህ ነው።

ጣሪያውን ግን ሰዓቱ ብቻውን እንዲያወጣው አትተዉት። ብዙዎቹ ሲነሱ የሚጠቀሙት 220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለውን ቀመር ነው። በዚህ ስሌት የ40 ዓመት ሰው ሁሉ ከፍተኛ የልብ ምቱ 180 ነው ማለት ነው። የአንድ ሰው እውነተኛ ቁጥር ግን ከዚህ በ10 ምት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ቀላሉ መፈተኛ አፋችሁ ነው። እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ከቻላችሁ ቀላል ሩጫ ላይ ናችሁ። ይህን እያየሁ ነው ጣሪያዬን ያስተካከልኩት።

ሌላው ችግር ሴንሰሩ ነው። ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ያበራና ደሙ በእያንዳንዱ ምት ስንቱን ብርሃን እንደዋጠ እያየ ይቆጥራል። እጅ ሲወዛወዝና ሰዓቱ ሲላላ ሂሳቡ ይምታታል። አንዳንዴም የልብ ምቱን ትቶ እርምጃ መቁጠር ይጀምራል። ገና በማሟሟቂያ ላይ እያላችሁ 170 ካሳያችሁ አትደንግጡ፤ በደቂቃ የምትረግጡትን እርምጃ እየቆጠረ ሊሆን ይችላል። ብርድ ሲሆን ይብሳል፣ ምክንያቱም ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ሰዓቱን ከአንጓው አጥንት በላይ ከፍ አድርጎ ጠበቅ ማድረግ ብዙ ይረዳል። ኢንተርቫል ላይ ግን፣ ፈጣንና ቀስ ያለ ሩጫ በሚፈራረቅበት ልምምድ ማለቴ ነው፣ እሱም አይበቃም። ፍጥነቱ በየደቂቃው ሲቀያየር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ለዚያ ቀን የደረት ቀበቶ አስራለሁ። ቀበቶው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚያነብ ይሻላል።

ጉዳቱ የመጣው ቁጥሮቹ ሁሉ ባማሩበት ሰሞን ነው። አፑ ብቃትህ እየጨመረ ነው ይላል። የልምምድ ጫናው አረንጓዴ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ግን ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት፣ አኪሊስ የሚባለው፣ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ያስነክሰኛል። ከዚያ ይፈታል። ሩጫ ላይ ሲሞቅ ይጠፋል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ሰዓቱም በየጠዋቱ ዝግጁ ነህ ይለኛል።

ይህ የሰዓቱ ብልሽት አይደለም። ሰዓቱ የሚያውቀው ልብን ነው። ልብና ሳንባ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላሉ። ጅማትና አጥንት ግን ለአዲስ ጫና ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ሞተሩ ታድሶ ጎማው ያለቀ መኪና ማለት ነው። ጅማት ላይ የተገጠመ ሴንሰር የለም፤ የማርፍበትን ሰዓት ሲያሰላ ተረከዜ በሂሳቡ ውስጥ የለም።

የጫና ግራፉንም ቢሆን እንደ ዋስትና አትዩት። ከሳምንት ሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አትጨምሩ የሚለውን ምክር ሳትሰሙ አትቀሩም። በ2008 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድ ውስጥ በጀማሪ ሯጮች ላይ የወጣ ጥናት ይህን ፈትኖት ነበር። በ10 በመቶ ቀስ እያለ የጨመረው ቡድንና የተለመደውን ፕሮግራም የተከተለው ቡድን እኩል ያህል ተጎዱ። ቀስ ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም። ግን አንድ መስመር አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ እግር ደህና ነው ማለት አይቻልም። በተለይ ቅልጥማችሁ ላይ በጣት የምትነኩት አንድ ነጥብ ካመመ፣ ሲያርፍም ሆነ ሌሊት ከጠዘጠዘ፣ የሰዓቱን ምክር ዝጉትና ሐኪም ጋ ሂዱ። የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ በሩጫ አይሟሟም።

ፊዚዮቴራፒስቱ ለጅማቴ ያዘዘልኝ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያሉ ማውረድ ነው። ዘዴውን ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን ሲሆን ጥናቱ የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። የመጀመሪያው ፕሮግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ በ15 ድግግሞሽ ሦስት ዙር፣ ጉልበትን ዘርግቶም አጠፍ አድርጎም፣ ለ12 ሳምንት ነበር። ለእኔ ቀለል ተደርጎ ተሰጠኝ። ጥርስ ስቦርሽም ሻይ እስኪፈላም እሠራዋለሁ። ይህን ሥራ ሰዓቱ እንደ ልምምድ አይቆጥረውም። ላብ የለውም፣ ልብ አያስመታም። በዚያ ወቅት ከሠራሁት ሁሉ የጠቀመኝ ግን እሱ ነው።

በጉዳት ጊዜ ሰዓቱ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊት ክፉ ነው። ብቃትህ እየወረደ ነው፣ የሳምንት ግብህ አልተሞላም፣ ተከታታይ ቀንህ ተቋረጠ እያለ ይጨቀጭቃል። ያዘነ ሰው ላይ እንዲህ ይደረጋል? ማሳሰቢያዎቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ሽልማትና ሜዳሊያ የሚሰጠውንም ጭምር። እነሱን ለማጥፋት በስንት ገጽ ውስጥ መዞር እንዳለባችሁ ብታዩ ይገርማችኋል። ለማብራት ግን አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል።

ሌላው ፊት ግን ባለውለታዬ ነው። ወደ ሩጫ ስመለስ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ የሚል ፕሮግራም ጫንኩበት። ሲንቀጠቀጥ እሮጣለሁ፣ ሲንቀጠቀጥ እራመዳለሁ። እግር ሲሞቅ የሚመጣውን ትንሽ ልጨምር የሚል ስሜት ይህ ጸጥ ያደርገዋል። ከስንት ውድ ተግባር ሁሉ ለእኔ የበለጠው ይህ ተራ የሰዓት ቆጣሪ ሆነ። ርካሹ ሰዓት ላይም አለ፣ ያውም።

ስለ እንቅልፍና ስለ ድካም ትንሽ ልበል። ጠቅላላ የተኛሁበትን ሰዓት በደንብ ይይዛል። ጥልቅ እንቅልፍ፣ ሕልም ያለበት እንቅልፍ እያለ የሚከፋፍለው ግን ግምት ነው፤ ያለው መረጃ እንቅስቃሴና የልብ ምት ብቻ ነው። ደህና የሚሠራው ኤችአርቪ የሚባለው ነው፤ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ሌሊት ላይ ይለካል። ሕመም ሊመጣ ሲል፣ መጠጥ ሲጠጣ፣ ጭንቀት ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ትንሹ ልጄ ሲታመምና ሌሊቱን ስመላለስ ባደርኩ ማግስት ቁጥሩ ወርዶ አይቻለሁ። ያን ቀን ኢንተርቫሉን ሰርዤ ተኛሁ። እርግጥ ነው፣ ለዚያ ሰዓት አያስፈልገኝም ነበር። ግን እንደኔ ልምምድ ሲቀር የሚጸጽተው ሰው ሌላ ምስክር ሲያገኝ ቀለል ይለዋል።

ግልባጩም አለ። አንድ ቀን ሙሉ የቤት ዕቃ ስሸከም ውዬ ማታ ጀርባዬ ሲቆረጥ ሰዓቱ የቆጠረልኝ እርምጃ ብቻ ነው። በማግስቱ ረጅም ሩጫ አዘዘልኝ። አሁን ሥርዓቴ ይህ ነው፦ ሰዓቱን ከማየቴ በፊት ተነስቼ ጥቂት እራመዳለሁ፣ ተረከዜን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ቁጥሩን አያለሁ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ደህና ያደረው ሰው እንኳ ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ ይደክመዋል።

የዕቃው ጥንካሬ ላይ ቅሬታዬ ጥቂት ነው። ማሰሪያው ሥር ላብና ሳሙና ሲጠራቀም ቆዳዬን አሳከከኝ፤ ከሩጫ በኋላ አጥቦ ማድረቅና እጅ መቀያየር ፈታው። ከፍታ የሚለካው በአየር ግፊት ስለሆነ ጎኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ በላብ ጨው ስትዘጋ ሜዳውን ተራራ ያደርገዋል። በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። ውኃ መቋቋሙን የሚገልጽ 50 ሜትር የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም ሙቅ ሻወር ውስጥ ይዤው አልገባም፤ ሙቀትና ሳሙና ውኃ የሚከለክለውን ላስቲክ ይጎዳል። ባትሪው ከመጀመሪያው ትንሽ ቀንሷል፣ የሚጠበቅ ነው። ቁልፍ ያለውን መምረጤ ግን በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ጣት በላብ ሲርስ የሚነካ ስክሪን እሺ አይልም።

ማታ ለምትሮጡ ሰዎች፣ ያለሁበትን ቦታ ለቤተሰብ የሚልከውን ተግባር ክፈቱት። ስልክ መያዝ ይጠይቃል። ቢሆንም ቤት ያለው ሰው እየተጨነቀ ከሚጠብቅ ይሻላል።

እንደገና እገዛዋለሁ? አዎ፣ ግን አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን። በልዩነቱ የደረት ቀበቶ እገዛበታለሁ። ካርታ፣ ሙዚቃ፣ የብቃት ነጥብ የሚባሉትን ካየኋቸው ቆይቷል። ገና ሩጫ የጀመራችሁ ከሆነ ደግሞ ለጊዜው ተራ ሰዓት ይበቃችኋል፤ ገንዘቡን ጫማ ላይ አውሉት። ያገለገለ ሰዓት ልትገዙ ካሰባችሁ ግን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ጂፒኤሱን ከፍታችሁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያህል ሞክሩት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጫኑ፣ የቻርጀሩን ገመድም አብሮ መኖሩን እዩ። የእያንዳንዱ ኩባንያ ገመድ ለየብቻ ስለሆነ የጠፋበት ሰው ሌላውን ለማግኘት ይንከራተታል።