ዩኤስዲቢ ወይስ ከሥር የተሰላ ሼል ሞዴል?
ከኦክስጅን 16 እስከ ካልሲየም 40 ላሉት ኑክሌየሶች ሼል ሞዴል (ፕሮቶንና ኒውትሮኖች በኑክሌየሱ ውስጥ በየደረጃው ይደረደራሉ የሚለውን ሞዴል) ማስላት ካማረህ ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ በ2006 የወጣው ዩኤስዲቢ የሚባለው ነው፤ በፕሮቶንና በኒውትሮኖች መካከል ያለው መስተጋብሩ ከ600 በላይ ከተለኩ የኢነርጂ ደረጃዎች ጋር እየተስተካከለ የተሠራ ስለሆነ ስህተቱ በአማካይ 130 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ላፕቶፕም ይበቃዋል።

ችግሩ ዩኤስዲቢ ድጎማ፣ ማለትም ከልኬቱ ጋር እንዲገጥም የሚጨመርለት ማስተካከያ፣ ይወዳል። ለኢ2 ሽግግር (ኑክሌየሱ ጋማ ጨረር እየለቀቀ ከደረጃ ወደ ደረጃ ከሚያልፍባቸው መንገዶች አንዱ)፣ ቻርጅ የሌለው ኒውትሮን ግማሽ ገደማ ቻርጅ ይሰጠዋል፣ ፕሮቶኑም ከ1 ከፍ ይደረግለታል። ለቤታ ዲኬይ (ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን ወይም ፕሮቶን ወደ ኒውትሮን ለሚለወጥበት) ደግሞ ጋሞቭ ቴለር የሚባለው ዓይነቱ ስሌት በ0.77 አካባቢ ይባዛል። ለምን? ካልተባዛ ከልኬቱ ጋር አይገጥምማ! (እኔ ይሄን መልስ መቼም ወድጄው አላውቅም።)

ሌላው መንገድ በኑክሊዮኖች (በፕሮቶንና በኒውትሮኖች) መካከል ካለው ኃይል ተነስቶ ከሥሩ የሚያሰላው ነው። ኮምፒውተር ይበላል። ግን በ2019 የታተመ ሥራ እንዳሳየው፣ ሼል ሞዴሉ የተዋቸው በኑክሊዮኖች መካከል ያሉ ቁርኝቶችና ሁለት ኑክሊዮኖች አብረው በዲኬዩ የሚሳተፉበት አካሄድ ሲካተቱ ያ ማባዣ በአብዛኛው አያስፈልግም። ኢ2 ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከልኬቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ የጋማ ዳታ ይዞ ለሚመጣ ሰው ያለ ምንም ማመንታት ዩኤስዲቢን ነው የምለው።