ዊንዶውስ የደበቀውን ለሚነግረን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ምስጋና

የዲስክን ጤንነት የሚያሳየውን፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ሠርቶ ለሁሉም ላደረሰው፣ ሂዮሂዮ በሚል ስም ለሚታወቀው ጃፓናዊ ባለሙያ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን!

ሃርድ ዲስክ መበላሸት ሲጀምር ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ለባለቤቱ አይናገርም። ማንበብ ያቃተውን ቦታ በዝምታ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ሰው የሚያየው ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍና ኮፒ መሃል ላይ ሲቆም ነው። ምልክቱ ግን ተመዝግቧል። ኢቬንት ቪወር የተባለው የዊንዶውስ መዝገብ ማሳያ ተከፍቶ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያም ሲስተም ውስጥ ሲገባ፣ ምንጩ ዲስክ የሆነ ቁጥር 153 (ትዕዛዙ በድጋሚ ተሞከረ) ወይም ቁጥር 7 (የተበላሸ ብሎክ አለ) ይገኛል። ማን ከፍቶ ያየዋል? ሊነገረን የሚገባውን እዚያ ቀብሮ ዝም ማለት በደል ነው።

የአንዳንድ ጥገና ቤቶች ሥራ ሲጨመርበት ደግሞ ያንገበግባል። «ቫይረስ ነው» ይባላል፣ ፎርማት ይደረጋል፣ ዊንዶውስ ይጫናል፣ ገንዘብ ይከፈላል። ፈጣኑ ፎርማት የዲስኩን ገጽ ስለማይፈትሽ ችግሩ እዚያው ነው። የጠፋው ፋይል ግን በዋዛ አይመለስም።

ይህ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን አንብቦ በቀለም ያሳያል፤ ሰማያዊ ደህና፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ መጥፎ። በሃርድ ዲስክ ላይ ሪአሎኬትድ (ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች)፣ ከረንት ፔንዲንግ (ማንበብ አስቸግረው የሚጠባበቁ) እና አንኮሬክተብል (ሊታረሙ ያልቻሉ) የሚሉትን ሦስት መስመሮች እዩ፤ ዜሮ መሆን አለባቸው። ቁጥሩ በሄክሳዴሲማል ስለሚጻፍ 10 ሲል 16 ማለቱ ነው።

እኔ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ሲአርሲ ኤረር ካውንት የሚለውን፣ በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል ሲተላለፍ የተበላሸ ዳታን የሚቆጥረውን መስመር ነው። ይህ ቁጥር እየጨመረ ሦስቱ ዜሮ ከሆኑ፣ ጥፋቱ ባብዛኛው ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው የሳታ ኬብል ነው። ኬብሉ ይቀየር፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ባይመለስም መጨመሩን ካቆመ ዲስኩ ደህና ነው። ስንት ጤነኛ ዲስክ በዚህ ምክንያት ተጥሏል! ይህን የሚያሳይ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ማግኘት ትልቅ ውለታ ነው።

ሰማያዊ ሆኖም በድንገት የሚሞት ዲስክ ስላለ ባካፕ አይቅር። አንዳንድ የኤክስተርናል ዲስክ መያዣዎችም ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን መረጃ ለፕሮግራሙ አያሳልፉም።

ቢጫ ካያችሁ ቼክዲስክ የተባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መጠገኛ ለማስኬድ አትቸኩሉ፤ የደከመውን ዲስክ ሊያብስበት ይችላል። መጀመሪያ የፒችትሪ ሒሳብ ዳታውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የሠርግ ፎቶውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። አደራችሁን፣ ፕሮግራሙን ከሠሪው ድረ ገጽ ብቻ አውርዱት። የዚፕ ቅጂው ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ስለሚሠራ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱም ይዛችሁት ሂዱ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ክፈቱት።